ከወረቀት የቀረው ምንጭ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ የሚወርድ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት አንገት ላይ ሲደርስ አቋባን ያገኛታል። ይህ ነገር በሆነ ጊዜ ሠላሳ ስምንት ቤት ነበረች። ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ገብስ ያበቅላል፤ ከበታቹ ወደ ተከዜ የሚያሽቆለቁለው ቆላ ደግሞ ማሽላ። በመካከል ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በወይራ ተከቦ ቆሟል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምዕራብ፣ ከገደሉ ሥር፣ በጋም ቢሆን የማይነጥፍ ምንጭ አለ። ከምንጩ ማዶ የዋልካ ሰዎች አገር ይጀምራል።

ወልደ ሐዋርያት የተወለደው ከዚህ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ አኮፋዳውን አንግቶ ጎጃም ወረደ፤ ቅኔ ተቀኘ፣ ዜማ ተማረ፣ ጣሊያን ገብቶ እስኪወጣም እዚያው ቆየ። በ1936 ዓ.ም. መሪጌታ ተብሎ ሲመለስ መንደሩ ፍየል አርዶ በእልልታ ተቀበለው። እናቱ በደስታ ስታለቅስ ዋለች። እሱም በልቡ፣ «ከእንግዲህ በአቋባ ሰው ነገር ሲጠፋው የሚጠይቀው እኔን ነው» አለ።

ሁለት ወር አልሞላውም፣ ሁለት ወንድማማቾች በርስት ድንበር ተጣሉና ሽማግሌ ተቀመጠ። ወልደ ሐዋርያት ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ነገሩ ከተሰማ በኋላ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ዞር ዞር ብለው አዩ። ወልደ ሐዋርያት ወገቡን አቃና።

«ይግዛውን ጥሩልን» አሉ አባት።

ይግዛው የወልደ ሐዋርያት እኩያ ነው። በአንድ ሳምንት ክርስትና የተነሡ፣ አብረው ፍየል የጠበቁ ናቸው። ፊደል አልቆጠረም። ያን ዕለት ከእርሻ ተጠርቶ መጣ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ እጁ ላይ ጅራፍ። ቆሞ የወንድማማቾቹን አባት ጠራ፣ አያት ጠራ፣ ቅድመ አያት ጠራ፣ እየቆጠረ ስድስተኛው ትውልድ ላይ ደረሰ። መሬቱ ለማን ተከፍሎ፣ በማን ጋብቻ ተመልሶ እንደ መጣ አስረዳ። «የወሰኑን ድንጋይ የጣሊያን ዓመት ጎርፍ ወስዶታል» አለ። «ቦታው ግን ከዚያች ቀጋ በዚህ በኩል ዐሥር እርምጃ ነው። ቆፍሩት፤ አባቶች ከሥሩ ከሰል ቀብረዋል።»

ተቆፈረ። ከሰል ወጣ። ወንድማማቾቹ እዚያው ተሳሳሙ። ይግዛውም «በሬዎቼን ሳልፈታ ነው የመጣሁት፤ ልሂድ» ብሎ ተመለሰ።

ወልደ ሐዋርያት ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እህል አላሰኘውም። እሱ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሰው አገር ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ተምሯል። የይግዛው ደግሞ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ገብስ እየቆረጠመ የሰማው ነገር ነው። ይህ ከዚያ እንዴት ይበልጣል?

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ማረፊያ አጣ። የይግዛው ቤት ከሱ ቤት ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ ነው። ወልደ ሐዋርያት ከደጁ ተቀምጦ ወደዚያ ማን እንደሚሄድ ያያል። ልጁን የሚድር ዘር ለማስቆጠር ይሄዳል፤ ማሳ የሚካፈል ይሄዳል፤ ከጋዝጊብላ የሚመጣ እንግዳ ሳይቀር ይሄዳል። እሱ ዘንድ የሚመጣ ልጁን ዳዊት የሚያስደግም ወይም ክታብ የሚፈልግ ብቻ ነው።

ሚስቱ ጥሩሐረግ አንድ ቀን፣ «ምን ያያሉ እንዲህ?» አለችው።

«ዝንጀሮ ከማሽላው እንዳይገባ ነዋ።»

«ማሽላው ከተወቃ ወር ሆነው እኮ።»

ጥሩሐረግ ነገር አትደጋግምም፤ ውሃዋን አዝላ ገባች።

ሊበልጠውም ሞከረ። የመንደሩን ትውልድ ለማጥናት ወደ ዕድሜ ጠገቧ ወደ እማሆይ ወለተ ሰንበት ሄዶ ጠየቀ። እማሆይ ሦስት ቤት ያህል ቆጥረው ደከሙና፣ «ልጄ፣ ለምን ይግዛውን አትጠይቀውም?» አሉት። በሰርግ ላይ አንድ እንግዳ የአቋባ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ወልደ ሐዋርያት ቀድሞ፣ «ከግዕዝ ነው፤ ዐቀበ፣ ጠበቀ ካለው ይወጣል። የተጠበቀች ማለት ነው» ብሎ መለሰ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እንግዳው ግን ወደ ይግዛው ዞር አለ።

«እኔ ግዕዝ ምን ዐውቄ» አለ ይግዛው። «አያቶቼ ግን በአገውኛ ‹አቋ› ውሃ አይደለም ወይ ይሉ ነበር። በምንጩ ነው የተጠራችው።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ማንም ሰው በወልደ ሐዋርያት ላይ መሳቁ አልነበረም፤ ሁሉም ከልጅነቱ የሚያውቀው ቃል ሳይታሰበው ስለ መጣ ነው። ወልደ ሐዋርያት ራሱ እናቱን ውሃ የለመናት በዚያው ቃል ነበር። እሱ ግን የሳቁን ድምፅ ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። በ1949 ዓ.ም. ከወደ ሰቆጣ ትእዛዝ መጣ፤ እያንዳንዱ መንደር ወሰኑ እስከ የት እንደ ሆነ፣ ወንዙና ተራራው ምን እንደሚባል፣ መጀመሪያ ያቀናው ማን እንደ ነበረ አስጽፎ ይላክ የሚል። ገበያው የሚባለው ጭቃ ሹም ወረቀቱን ይዞ ወልደ ሐዋርያት ቤት መጣ።

«መሪጌታ፣ ከርስዎ በቀር ማን ይጽፈዋል?» አለው።

ወልደ ሐዋርያት ፊቱ በራ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቃት ቀን የመጣች መሰለው።

«ታሪኩን ደግሞ» ብሎ ቀጠለ ገበያው፣ «አያ ይግዛው እየዞረ ያሳይዎታል። ነግሬዋለሁ።»

ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። እንቢ የሚልበት ምክንያት ግን አጣ።

በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱ ወጡ። ይግዛው ዳቦ ቆሎ በስልቻ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ገብሱን አቋርጠው ከተራራው ጫፍ ደረሱ። «ይህ ገመገም ንብ አምባ ይባላል» አለ ይግዛው። «ድሮ ቀፎ የሚሰቀለው ከዚህ ነበር። ማሩ ነጭ ነው፤ አበባው ስለሚለይ።» ቀጥለው በምሥራቅ በኩል ወርደው አንድ ዋሻ አሳየው። «በክፉ ቀን መንደሩ በሞላ እዚህ ተሸሽጓል። የጣሊያን አይሮፕላን ሲመጣም እዚሁ ነበርነ። አንተ ጎጃም ነበርህ።» ቃሏ እንደ እሾኽ ወጋችው፤ ይግዛው ግን ያለ ክፋት ነው የተናገራት።

ከቀትር በኋላ ከምንጩ ደረሱ። ይግዛው ጐንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣና ተቀመጠ።

«ይህን ያወጣው ዘበነ ነው። ለእኔ ሰባተኛ አባቴ። ውሃው ከድንጋይ በታች እየተንሿሿ ይሄዳል እንጂ አይወጣም ነበር። ዘበነ ሦስት በጋ ቆፍሮ አወጣው፤ በድንጋይ ቦይ ሠራለት። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሰፈረው። የአቋባ ወሰንም ከዚህ ምንጭ አልፎ፣ ከዚያች ከተሰነጠቀች ድንጋይ ድረስ ነው። አባቶች እንዲህ ብለው ነው የሰጡኝ፤ እኔም ላንተ ሰጠሁህ። ጻፈው።»

ምንም አልቆጠበም፤ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲሁ አፈሰሰለት። ወልደ ሐዋርያትን የበለጠ ያቃጠለው ይህ ነበር። ሰውየው ቢሰስት ኖሮ ልቡ ትንሽ ያርፍ ነበር።

ሦስት ቀን ከቤቱ ሳይወጣ ጻፈ። እጁ ያማረ ነው፤ ቀዩን ቀለም ራሱ በጥብጦ ርእሱን በቀይ አደረገው። ከዘበነ ስም ሲደርስ ብርዑ ቆመ። ዘበነን ከጻፈ ይግዛው ለዘላለም የአቅኚው ልጅ ሊሆን ነው፤ ሰቆጣ ድረስ፣ ምናልባትም ከዚያ አልፎ። ብዙ ካሰበ በኋላ መንደሩን ያቀኑት ታቦቱን ይዘው የመጡ ካህናት ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ከነሱም መካከል የራሱን አያት ቅድመ አያት አስገባ። ምንጩን ካነሣ ማን አወጣው መባሉ አይቀርምና ምንጩን ጨርሶ ተወው። ወሰኑንም በምዕራብ «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር» ብሎ ዘጋው።

ለኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አነበበው። በዜማ የተሞረደ ድምፁ ያምራል፤ ሰውም ያማረ ነገር ሲነበብ እያንዳንዱን ቃል አይመረምርም። እልል ተባለ። ገበያው ማኅተሙን አተመበት። ይግዛው ከወይራው ሥር ምርኩዙን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ወልደ ሐዋርያት እንዲቆጣ፣ እንዲጮኽ ጠበቀው። መልሱን አዘጋጅቶ ነበር።

ይግዛው ቀረብ ብሎ፣ «ደግ ጽፈሃል፤ እጅህ ይባረክ» ብቻ አለውና ሄደ።

ያን ጊዜ ያልገባውን ወልደ ሐዋርያት በኋላ ደረሰበት። ይግዛው የበዓል ነገር በጠብ እንዳይበላሽ ነው ዝም ያለው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ደጁን ረግጦ አያውቅም። ሰውም ወደ ይግዛው መሄዱን አልተወም። ወረቀቱ ሰቆጣ ገባ፤ አቋባ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

በ1958 ዝናቡ ቀረ። በዝቋላ በኩል ፍየሉ አለቀ፤ የዋልካ ሰዎች ጕድጓድም ደረቀ። አንድ ማለዳ የአቋባ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ምንጩ በእሾኽ ታጥሮ፣ የዋልካ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ቆመው አገኙ። ጥሩሐረግ እንስራዋን ባዶ አዝላ ተመለሰች። ደም ሊፈስ ሲል ሽማግሌዎች ገቡና ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ከአቋባ ሰባት ሰው ሰቆጣ ሄደ፤ ወልደ ሐዋርያትም ይግዛውም ነበሩ። ለዋልካ የሚሟገተው ደጅይጥኑ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ነው። ይግዛው ቆሞ የዘበነን ታሪክ ተናገረ፤ ቦዩን፣ የተሰነጠቀችውን ድንጋይ፣ ሁሉንም። ደጅይጥኑ ታግሦ ሰማው። ከዚያ ከብብቱ ወረቀት አወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህ የነዚሁ ሰዎች ቃል ግልባጭ ነው» አለ። «ራሳቸው ጽፈው፣ ጭቃ ሹማቸው አትሞ የላከው። ወሰናችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው ይላል። ዘበነ የሚባል ሰው የለበትም። ምንጭም የለበትም። ዛሬ ውሃ ሲጠማቸው አባት ወለዱ።»

ዳኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ይግዛው፣ ይህን ምን ትለዋለህ?»

«እኔ ማንበብ አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«የጻፈው ሰው እዚህ አለ?»

የአቋባ ሰዎች በሞላ ዘወር አሉ። ወልደ ሐዋርያት ተነሣ። ረስቼው ነው ማለት ይችላል፤ ለመርሳት የሚከሰስ የለም። አፉን ሲከፍት ግን የመጣለት የጥሩሐረግ ባዶ እንስራ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለ። «ይግዛው የተናገረው እውነት ነው። ለእኔም ከምንጩ ዳር ተቀምጦ እንዲሁ ነግሮኛል። ዐውቄ ነው የተውሁት።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ዳኛው ወረቀቱን አስቀመጡ። «በማን?»

«በሱ» አለና ወደ ይግዛው አመለከተ። «ሰው ሁሉ እሱን ስለሚጠይቅ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ቀንቼ ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቀ። «እንዳለው ጻፈው» አሉ ዳኛው።

ፍርዱ እዚያው አልተሰጠም። ከሦስተኛ መንደር የተመረጡ ሽማግሌዎች ቦታውን እንዲያዩ ታዘዘ። ይግዛው ከምንጩ አፍ በታች ሁለት ክንድ ያህል ደለል አስጠርጎ የጥንቱን የድንጋይ ቦይ አሳያቸው፤ ወደ አቋባ አቅጣጫ የተነጠፈ ነበር። ዐሥራ ሁለት ሰው በሚካኤል ደጅ ማለ። ምንጩ ለአቋባ ጸና፤ የዋልካ ሰዎችም ለሚጠጡት ያህል እንዲቀዱ ተፈቀደላቸው። ወረቀቱም ተስተካክሎ እንደ ገና እንዲጻፍ ተባለ።

ወልደ ሐዋርያት ግን ቃሉን የሰጠ ዕለት ከሰቆጣ ሲመለስ መንገዱን ብቻውን ነው የሄደው። የአገሩ ሰዎች አልሰደቡትም፤ እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ቀደሙት። ቤቱ ሲደርስ ጥሩሐረግ እግሩን አጠበችው።

«ቀንቼ አልሁ» አላት።

«በሰው ፊት?»

«በዳኛ ፊት። ጸሐፊው ጻፈው።»

«ይኸን እኮ እኔ ሃያ ዓመት ዐውቄዋለሁ» አለች ውሃውን እየደፋች። «ሰቆጣ ድረስ ምን አስኬደዎት?»

ንስሐ አባቱ አርባ ቀን ማኅሌት እንዳይቆም ቀኖና ሰጡት። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ሌላ ሰው ሲመራ ይሰማ ነበር። ሰውየው ዜማ ሲስት ጥርሱን ያፋጫል፤ ሳይስት ሲቀር ደግሞ ይብሱን ያፋጫል። መናዘዝ ቅናቱን ነቅሎ ያወጣለታል ብሎ አስቦ ነበር። አላወጣለትም። እንዲያውም ሕዝቡ ምንጩን ያተረፈልን ይግዛው ነው እያለ ሲያወድሰው ልቡ እንደ ድሮው ይቆስል ነበር።

ቀኖናውን ሲፈጽም ሸለቆውን ተሻግሮ ወደ ይግዛው ሄደ። ይግዛው ከደጁ ቀንበር ይጠርብ ነበር።

«ወረቀቱ እንደ ገና ይጻፍ ተብሏል» አለ ወልደ ሐዋርያት። «እንደ ገና ዞረህ ብታሳየኝ ብዬ ነው።»

ይግዛው መጥረቢያውን አላቆመም። «አንዴ ነግሬሃለሁ። የነገርሁህን የት አደረስኸው?»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ያልሁህ ያኔ ሰቆጣ ስትቆም ነው። ዳግመኛ ግን አልነግርህም።»

ወልደ ሐዋርያት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ምን ሊጽፍ ነው? ወረቀቱን ዘርግቶ ከንብ አምባ ጀመረ። ጻፈ። ዋሻው መጣ፤ ጻፈ። ዘበነ፣ ሦስቱ በጋ፣ ቦዩ፣ የተሰነጠቀችው ድንጋይ፣ ከዚያ በፊትም በየሽማግሌው ጉባኤ ላይ ይግዛው የቆጠረው ትውልድ ሁሉ፣ ከነእናቶቹ፣ ከነጋብቻው፣ አንድም ሳይጎድል መጣለት። በዚያ ሁሉ ዓመት ስሕተት ሊያገኝበት ጆሮውን ቀስሮ ሲሰማው ኖሮ፣ ይግዛውን እንደሱ አድርጎ ያዳመጠ ሰው በአቋባ አልነበረም። የራሱን ጽሑፍ እያየ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ወስዶ አነበበለት። ይግዛው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «የዘበነ ሚስት ከሰሃላ ነች እንጂ ከጋዝጊብላ አይደለችም» ብሎ አረመው። ሲያልቅ፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለ።

ወልደ ሐዋርያት «ይህን የነገረን የዘበነ ሰባተኛ ትውልድ ይግዛው ነው» ከሚለው ላይ ጣቱን አኖረ። ይግዛው ጐንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ትንሽ ናት» አለ።

«የሁሉም ስም እንዲሁ ነው።»

«ይሁን» አለና ጠላ እንዲመጣለት ወደ ውስጥ ተጣራ።

ወዳጅ ሆኑ ማለት ውሸት ነው። ይጠያየቁ ግን ጀመር። ወልደ ሐዋርያትም ማየቱን አልተወም፤ አሁን ግን ሲታይ አይደበቅም። «ዛሬ ስንት ሰው መጣብህ?» ይለዋል። «አምስት» ይላል ይግዛው። «ለእኔ ሁለት» ይላል ወልደ ሐዋርያት፤ ፊቱም ቅጭም ይላል።

በ1965 ከሁሉ የከፋው ረኀብ መጣ። ይግዛው የነበረውን ለልጅ ልጆቹ እየተወ ሰውነቱ አለቀ፤ ሐምሌ ላይ አረፈ። ጉልበት ያለው ሰው ስለ ጠፋ መቃብሩን የቆፈሩት አራት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ወልደ ሐዋርያት ነበር። ፍትሐቱን እስኪጨርስ ድምፁ አልተሰበረም። ቤቱ ገብቶ ግን ከመደቡ ላይ ተጋደመና ሁለት ቀን አልተነሣም።

በዓመቱ ዝናብ መጣ፤ የተሰደደውም እየተመለሰ ማሳውን መፈለግ ጀመረ። አሁን ሁሉም የሚመጣው ወደ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ደጅ ሆነ። እሱም እየመራ ያሳያል፣ ትውልድ ይቆጥራል።

«ይኸው ሰው በርስዎ ላይ ፈሰሰ» አለችው ጥሩሐረግ አንድ ቀን። «አሁንስ ልብዎ ጠገበ?»

«በማን ልቅና እንግዲህ?» አላት።

በዚያው ሰሞን ከበታች ማሽላው ዳር ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ድንጋይ ተከራከሩ። ወልደ ሐዋርያት ሄዶ ቢያየው አያውቀውም። ያስቀረውን ግልባጭ ቢያገላብጥ የለበትም። ይግዛው ይህን ድንጋይ በእሱ ፊት አንሥቶት አያውቅም። የሚያደርገው ሲያጣ ከይግዛው ቤት ሄዶ ልጁን አገኘሁሽን ጠየቃት። አገኘሁሽ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏን በረኀቡ ያጣች ሴት ነች። እጇን ካቦካችው ሊጥ አውጥታ ተነሣች።

ከድንጋዩ ስትደርስ አንዴ አየችውና፣ «ይህማ ወሰን አይደለም» አለች። «የአባቴ አያት የእማማ ወለተሥላሴ ማረፊያ ነው። እንጨት ተሸክማ ስትመጣ ሸክሟን የምታሳርፍበት። ወሰኑ ከታች ነው፤ ኑ።» ወርዳ ሣሩን በእግሯ ገለጠችውና አሳየቻቸው። ጎረቤታሞቹ መርቀዋት ሄዱ።

ወልደ ሐዋርያት ምርኩዙን ተደግፎ ቀረ። «ይህን መቼ ነገረሽ?»

«እኔንጃ፣ አረም ስናርም ሁልጊዜ ያወራኝ ነበር።»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«አልጠየቁት ይሆናላ፣ መሪጌታ።»

የጥንቱ ነገር ደረቱ ውስጥ ተላወሰ፤ ስድሳ ዓመት ባለፈው ሰው ላይ እንደ ጎረምሳ። ሴትየዋ ቆማ ታየዋለች፤ ሊጧ ከቤት ይጠብቃታል።

«ሌላስ ምን ነግሮሻል?» አለና ከእማማ ወለተሥላሴ ማረፊያ ላይ ተቀመጠ።